አባቶች በሸክላ፣ ልጆች በአንድ ሌሊት

ሴፕቴምበር 22 ቀን 1997፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ማሊ ከፈረንሳይ ነጻ የወጣችበትን 37ኛ ዓመት አከበረች። በዚያው ምሽት በዋና ከተማዋ በባማኮ፣ በጉባኤ አዳራሹ ሕንፃ ውስጥ ባለ እብነ በረድ መተላለፊያ ላይ ሁለት ሰዎች ኮራ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ቱማኒ ዲያባቴ 32 ዓመቱ ነበር፤ ባላኬ ሲሶኮ በጥቂት ዓመታት ያንሰዋል። ዘፋኝ አልነበረም፤ ከበሮ አልነበረም፤ እስክስታ የሚመታ፣ ሽልማት የሚሸልም ታዳሚም አልነበረም። የድምፅ ባለሙያው ኒክ ፓርከር ማይክሮፎኖቹን ደገነ፤ ፕሮዲውሰሯ ሉሲ ዱራን በጆሮዋ ተከታተለች። ሌሊቱ ሳይነጋ ስምንት ዜማ የያዘ አልበም አለቀ። የተጨመረ ድምፅ፣ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ የታረመ ስሕተት የለበትም። በ1999 ሐኒባል በተባለው አሳታሚ ስም ገበያ ላይ ሲውል «አዲስ ጥንታዊ አውታሮች» ተባለ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ የቆየ ሸክላን ያስታውሳል። በ1970 የሁለቱ ሰዎች አባቶች፣ ሲዲኪ ዲያባቴና ጄሊማዲ ሲሶኮ፣ ከባቱሩ ሴኩ ኩያቴና ከንፋ ዲያባቴ ጋር ሆነው «ጥንታዊ አውታሮች» የተባለ አልበም አስቀርጸው ነበር። ልጆቹ የአባቶቻቸውን ዜማ ደገሙት፣ ወግ ከአባት ወደ ልጅ ተሸጋገረ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሁለቱን አልበሞች አከታትሎ የሰማ ሰው ግን ሌላ ነገር ይጠረጥራል። ዜማዎቹ ያረጁ ናቸው፤ ኮራን ያለ ዘፈን፣ ለብቻው፣ ቁጭ ብሎ የማድመጥ ልማድ ግን በዕድሜው ከሸክላው ብዙም አይበልጥም። እንዲያውም ሸክላው ራሱ ነው የወለደው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ኮራ ምን ይመስላል? ትልቅ ቅል ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ በላም ቆዳ ይወጠራል። ረጅም የእንጨት ምሰሶ ቅሉን ሰንጥቆ ይወጣል። በምሰሶው ላይ ቆዳ እየተጎነጎነ እንደ አምባር ይጠለቃል፤ አውታሩ የሚታሰረው በዚያ ነው፤ ቅኝቱ የሚስተካከለውም አምባሩን ወደ ላይና ወደ ታች በመግፋት ነው። አውታሮቹ 21 ናቸው፤ በግራ 11፣ በቀኝ 10 ሆነው በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። ድሮ ከድኩላና ከሚዳቋ ዘር ቆዳ እየተገመዱ ይሠሩ ነበር፤ ዛሬ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ተክቷቸዋል። ደርዳሪው ቅሉን ወደ ራሱ አዙሮ፣ ሁለቱን እጀታዎች በየእጁ በሦስቱ ጣቶች ጨብጦ ይይዛል፤ የሚጫወተው በሁለት አውራ ጣቶችና በሁለት ሌባ ጣቶች ብቻ ነው። አውራ ጣቶቹ ወፍራሙን ድምፅ ይይዛሉ፤ ሌባ ጣቶቹ ቀጭኑን። በአራት ጣት ይህ ሁሉ ድምፅ ከየት ይመጣል የሚለው፣ ኮራን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጂ የሰማ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ ነው። ሁለት ሰው የሚጫወት መስሏቸው የሽፋኑን ጽሑፍ ገልብጠው የሚያዩ ጥቂት አይደሉም።

ለክራርና ለበገና ቅርብ የሆነ ጆሮ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይላል። ክራርና በገና ክፈፍ አላቸው፤ አውታሮቻቸው የሚታሰሩት በሁለቱ ክንዶች ላይ በተጋደመው እንጨት ነው። ኮራ አንድ ምሰሶ ብቻ ስላለው ዘመድነቱ ከሌላ ወገን ነው። የማንዴ ሕዝቦች ኮራ ደርዳሪዎችም እንደ እኛዎቹ አራት ዋና ዋና ቅኝቶች ይቆጥራሉ፦ ሲላባ፣ ሳውታ፣ ሃርዲኖና ቶሞራ ሜሴንጎ። ቁጥሩ መግጠሙ አጋጣሚ እንጂ ዝምድና አይደለም። ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በአምስት ድምፅ ይሄዳሉ፤ የኮራ ቅኝት ሰባት ድምፅ አለው።

መሣሪያው የተወለደበትን አገር ሰዎች ሲናገሩ ካቡን ይጠራሉ፤ የዛሬዎቹን ጊኒ ቢሳውን፣ ደቡብ ሴኔጋልንና ጋምቢያን ያካለለ የማንዲንካ ግዛት ነበር። አፈ ታሪኩ ጃሊ ማዲ ዉሌንግ የተባለ ሰው ኮራን ከጂኒ እጅ ተቀበለ ይላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ሙንጎ ፓርክ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጋምቢያ ወንዝ በኩል ሲያልፍ 18 አውታር ያለው ትልቅ በገና መሰል መሣሪያ አይቶ፣ በ1799 በታተመው መጽሐፉ «ኮሮ» ብሎ መዝግቦታል። ሦስቱ አውታሮች መቼ እንደተጨመሩ ደርዳሪዎቹ እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ።

ኮራ የማንም ሰው መሣሪያ አልነበረም። የጄሊዎች ነው። ፈረንሳዮች «ግሪዮ» ያሏቸው እነዚህ ሰዎች የነገሥታቱን ትውልድ የሚቆጥሩ፣ የተጣላን የሚያስታርቁ፣ በሠርግና ክርስትናን በሚመስል የሕፃናት ስም ማውጫ በዓል ላይ ባለቤቱን የሚያወድሱ፣ በሙያ የተለዩ ቤተ ሰቦች ናቸው። ኩያቴ፣ ዲያባቴ፣ ሲሶኮ የሚሉት ስሞች ራሳቸው መታወቂያ ናቸው፤ ስሙን የሰማ ሙያውን ያውቃል። የእኛን አዝማሪ ያስታውሳል፤ ነገር ግን የማንዴ ጄሊ የሚወለድ እንጂ የሚሆን አይደለም። ቱማኒ ራሱ በቤተ ሰቡ 71ኛው ትውልድ እንደሆነ ይናገር ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዋናው ነገር ቃል ነው። ኮራ ደርዳሪው መጀመሪያ ኩምቤንጎ የሚሉትን እየተመላለሰ የሚዞር የዜማ መሠረት ይዘረጋል፤ ዘፋኙ ወይም ብዙውን ጊዜ ዘፋኟ በዚያ ላይ ውዳሴዋን ታፈስሳለች። ትንፋሿን ስትሰበስብ ደርዳሪው ቢሪሚንቲንጎ የሚሉትን ፈጣን የጣት ሩጫ ከላይ ወደ ታች ያንደቀድቀዋል፤ ቃሏ ሲመለስ ዝቅ ይላል። ቢሪሚንቲንጎ የሚኖረው በትንፋሽና በትንፋሽ መካከል ነበር ማለት ነው። ሽልማት የሚወረወረውም ለቃሉ ነው።

ከነጻነት በኋላ ይህ መለወጥ ጀመረ። በ1960 የተመሠረተው የሞዲቦ ኬይታ መንግሥት በዓመቱ ብሔራዊ የመሣሪያ ኦርኬስትራ አቋቋመ፤ ሲዲኪ ዲያባቴና ጄሊማዲ ሲሶኮ ገቡበት፤ በባማኮም ጎረቤታሞች ሆኑ። ሲዲኪ የተወለዱት በጋምቢያ ነው፤ ቤተ ሰባቸው ግን ከማሊ የሄደ ነበር። በ1940ዎቹ ማሊን ዞረው «ካይራ» የተባለውን ዜማ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ ዜማው የወጣቶች ማኅበር መዝሙር ሆኖ ስለነበር የቅኝ ገዢውን አስተዳደር ዓይን ስቧል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው በ1970 ማይክሮፎን ፊት የተቀመጡት። የማሊ መንግሥት ከጀርመኑ አሳታሚ ከቤረንራይተር ሙዚካፎን ጋር ሆኖ የአገሪቱን ሙዚቃ በተከታታይ ሸክላዎች እያሳተመ ነበር፤ «ጥንታዊ አውታሮች» ከነዚያ አንዱ ነው።

በዚያ ሸክላ ላይ ውዳሴ የለም። ለምን? ሸክላው በጀርመኗ ከተማ በካሴል ታትሞ ማንዲንካ ለማይሰማ ሰውም ጭምር የሚሸጥ ነበር። የማን ልጅ እንደሆነ የሚነገርለት ባለጸጋ በሌለበት ውዳሴው ማንን ያወድሳል? ቃሉ ሲወጣ ግን ቦታው ባዶ አልቀረም። በትንፋሾች መካከል ተወስኖ የነበረው የጣት ሩጫ ሙሉውን የሸክላ ገጽ ተቆጣጠረው። አጃቢው ዋና ሆነ። ዛሬ የምዕራብ አፍሪካ ጥንታዊ ሙዚቃ ብለን በጆሮ ማዳመጫ የምንሰማው፣ የተጀመረው በዚህ ዓይነት የገበያና የመንግሥት ውሳኔ መሆኑ ውበቱን አይቀንሰውም፤ ይልቅስ እነዚያ አራት ሰዎች የሠሩት ጥበቃ ብቻ ሳይሆን ፈጠራም እንደነበር ያሳያል።

ቱማኒ በ1965 ተወለደ። በሕፃንነቱ ፖሊዮ አንድ እግሩን ስለጎዳው በክራንች ይሄድ ነበር። አባቱ ቁጭ አድርገው እንዳላስተማሩት ደጋግሞ ተናግሯል፤ ሲዲኪ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ልጁ በአምስት ዓመቱ ጀምሮ በጆሮው ለቀመው። ከራዲዮና ከሸክላ ጂሚ ሄንድሪክስንና ኦቲስ ሬዲንግን ይሰማ ነበር። አባቱን በጆሮው፣ ሄንድሪክስንም በጆሮው፤ ለቱማኒ ሁለቱም የመጡት በአንድ በር ነው። በ19 ዓመቱ የታላቋን ዘፋኝ የካንጃ ኩያቴን ቡድን ተቀላቅሎ አፍሪካን ዞረ። የባላኬ መንገድ ከዚህ ይከብዳል። አባቱ ጄሊማዲ የሞቱት እሱ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳለ ነው፤ ልጁ በብሔራዊው ኦርኬስትራ የአባቱን ቦታ ተረክቦ የደመወዝ ሠራተኛ ሆነ።

ከዚያ ለንደን መጣች። በ1987 በጋ፣ ጥቂት የትንንሽ አሳታሚ ድርጅቶች ሰዎች በሰሜን ለንደን አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው ነበር። ችግራቸው የመደርደሪያ ችግር ነው፦ የማሊን፣ የቡልጋሪያን፣ የፓኪስታንን ሸክላ ይዞ የሚሄድ ሻጭ፣ ሱቅ ውስጥ የት እንደሚቀመጥለት አያውቅም። አንድ የጋራ መለያ ተስማሙበት፤ «የዓለም ሙዚቃ»። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ የሐኒባል ባለቤት ጆ ቦይድ ነበር። በዚያው ዓመት ቱማኒ ለንደን ገብቶ ከሉሲ ዱራን ቤት አርፎ ነበር። ዱራን የማንዴን ሙዚቃ የምታጠና፣ ጋምቢያ ወርዳ ራሷ ኮራ የተማረች ምሁር ናት። በሷ ፕሮዲውሰርነት አንድ ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ የቀረጸው «ካይራ» በ1988 በሐኒባል ታተመ። አንድ ሰው፣ አንድ ኮራ፣ ሌላ ምንም የለም፤ ርእሱም የአባቱ ዜማ ነው። መለያው ሙዚቃን ሁሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ይከታል ተብሎ እስከ ዛሬ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም ትክክል ነው። ሆኖም ያ መደርደሪያ ባይኖር ኖሮ «ካይራ» የተባለውን ሸክላ ማን፣ የት ይፈልገው ነበር?

ወደ እብነ በረዱ እንመለስ። «አዲስ ጥንታዊ አውታሮች»ን የሚያዳምጥ ሰው በመጀመሪያ ሊሰማ የሚገባው ክፍሉን ነው። ስቱዲዮ ድምፅን ያፍናል፤ ድንጋይ ግን ይመልሳል። አውታሩ ተነክቶ ከተለቀቀ በኋላ ድምፁ ጥቂት ይቆያል፤ ሁለቱ ደርዳሪዎችም ያንን ቆይታ እንደ ሦስተኛ ሰው ይጠብቁታል። መክፈቻው «ቢ ላምባም» የተሠራው ጄሊዎች ለጌታ ሳይሆን ለራሳቸው፣ እርስ በርስ ሲደሰቱ ከሚጫወቱት ላምባንጎ ከተባለ የዘፈን ዘር ነው። ይህ ምርጫ አለነገር አይመስልም። የሚወደስ ጌታ በሌለበት አልበም፣ ለጌታ ያልተዘፈነ ዜማ ቀደመ። «ኪታ ካይራ» ላይ የሲዲኪ ዜማ ተመልሶ ይመጣል፤ አንዱ ኩምቤንጎውን ሲይዝ ሌላው ይሮጣል፤ ደግሞ ይለዋወጣሉ። መለዋወጫውን ለመያዝ የሚሞክር ሰው በሦስተኛው ማድመጥ ላይ ገና ይሳሳታል። «ባፉላቤ» ስሙን የወሰደው ሁለት ወንዞች ተገናኝተው የሴኔጋልን ወንዝ ከሚፈጥሩባት ከተማ ነው፤ የዜማው አካሄድም ዝግ ያለ ነው።

ከዚህ በኋላ ቱማኒ የታወቀበት ትልቁ ሥራ ከጊታር ጋር የሠራው ነው። የሰሜኑ ሰው አሊ ፋርካ ቱሬ የሶንግሃይን ዜማ ይዞ፣ እሱ የማንዴን ይዞ፣ ኒጀር ወንዝን በሚያየው የባማኮው ሆቴል ማንዴ ላይ በተተከለ ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ተገናኙ። ልምምድ አላደረጉም። በ2005 የወጣው አልበማቸው «በጨረቃ ልብ ውስጥ» በቀጣዩ ዓመት ግራሚ አገኘ። ሁለተኛውን በዚያው በ2005 ለንደን ላይ ቀረጹት፤ አሊ በማርች 2006 በካንሰር ሲሞት ገና አልታተመም ነበር። በ2010 ወጣ፤ እሱም ግራሚ አገኘ። ለጀማሪ አድማጭ ብዙ ሰው የሚመክረው የመጀመሪያውን ነው። ይህ ጸሐፊ ግን ሁለተኛውን ይመርጣል፤ አሊ እዚያ ላይ ጊታሩን እየቆጠበ ስለሚነካው ኮራው ይበልጥ ይሰማል።

ይህ ሁሉ ሲገኝ የቀረ ነገርም አለ። በድሮው ኮራ ድልድይ ላይ ዙሪያውን የብረት ቀለበት የተንጠለጠለበት ቆርቆሮ ይታሰር ነበር፤ አውታሩ ሲመታ ቀለበቶቹ ይንጫጫሉ። በገና ለሚወድ ሰው ይህንን ማስረዳት አያስቸግርም፤ እንዝራው ባይኖር፣ ያ የሚነዝር ድምፅ ባይኖር በገና በገና አይሆንም። ለማይክሮፎን ግን የቆርቆሮው ጩኸት ጥራት የሚያበላሽ ነገር ሆነ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ደርዳሪዎች አያስሩትም። ጥርት ያለው የኮራ ድምፅ የተገኘው እንዲህ ተቀንሶ ነው። የበገናው ዓለሙ አጋ ሥራ «ኢትዮጲክስ» በተሰኘው የፈረንሳይ ተከታታይ ስብስብ 11ኛው አልበም ሆኖ ለዓለም ገበያ ሲቀርብ እንዝራውም፣ ቃሉም አብረው ሄደዋል። አማርኛ የማይሰማው አድማጭ ከቃሉ የሚደርሰው ድምፁ ብቻ ነው፤ ሆኖም ማንም ቃሉን ቀንሱልኝ አላለም። ማሊዎቹ በአንድ በኩል የከፈሉት ዋጋ ቆርቆሮውንና ቃሉን መተው ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ያገኙት ነጻነት የበገና ደርዳሪ ያልሞከረው ነው።

ባላኬ ያንን ነጻነት ወደ ፈረንሳይ ቻምበር ሙዚቃ ወሰደው። ከቼሎ ተጫዋቹ ከቨንሳን ሰጋል ጋር የሠራው የ2009 አልበም የተቀረጸው በባማኮ፣ በዘፋኙ በሳሊፍ ኬይታ ስቱዲዮ ነው። በ2015 የወጣው ሁለተኛው አልበማቸው በከፊል የተቀረጸው በባላኬ ቤት ጣሪያ ላይ፣ በሌሊት ነው፤ ጸጥ ባለው ቦታ ላይ የሰፈሩ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። በ2020 መጀመሪያ ከአሜሪካ ወደ ፓሪስ ሲበር ኮራው ተበታትኖ ደረሰው፤ አንገቱ ተነቅሎ፣ አውታሩና ድልድዩ ወልቆ ነበር። ማን እንደፈታው አልተረጋገጠም፤ ዜናው ግን ስለ ኮራ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ደረሰ።

ቱማኒ በ2014 ከልጁ ከሲዲኪ ጋር አልበም አወጣ። ልጁ በአያቱ ስም የተጠራ፣ በባማኮ በራፕ ፕሮዲውሰርነቱ ስታዲየም የሚሞላ ወጣት ነው። ከዜማዎቹ አንዱ «ላምፔዱዛ» ይባላል። በኦክቶበር 2013 በዚያች የኢጣሊያ ደሴት አጠገብ ሰምጦ ከ360 በላይ ሰው የጨረሰው ጀልባ መታሰቢያ ነው፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ስማቸውን የሚጠራ ቃል በዜማው ውስጥ የለም። አስመራም፣ መቀሌም፣ አዲስ አበባም ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ያለ ቃል መቅረት ጉድለት የማይሆንበት ጊዜ ካለ ይህ ነው።

ቱማኒ በጁላይ 19 ቀን 2024 በ58 ዓመቱ አረፈ። የጋምቢያው የቤተ ሰቡ ቅርንጫፍ ስሙን «ጆባርቴ» ብሎ ይጽፈዋል። ከዚያ ወገን፣ የታላቁ ደርዳሪ የአማዱ ባንሳንግ ጆባርቴ የልጅ ልጅ የሆነችው ሶና ጆባርቴ በ1983 ለንደን ተወለደች። ኮራ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ሲተላለፍ የኖረ መሣሪያ ነው፤ ከጄሊ ቤተ ሰብ ወጥታ ኮራን ዋና ሙያዋ በማድረግ ስሟን ያስጠራች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። መጀመሪያ ያስጨበጣት ወንድሟ ቱንዴ ጄገዴ ነው፤ በኋላ ከአባቷ ተማረች። በ2011 «ፋሲያ» የተባለውን አልበሟን አወጣች። በዚያ አልበም ላይ ኮራውን የምትደረድረው እሷ ናት፤ በማንዲንካ የምትዘፍነውም እሷው ናት፤ በትንፋሿና በትንፋሿ መካከል የጣቱ ሩጫ ወደ ድሮ ቦታው ይገባል።